ስሙ የተቆረጠ ፎቶ

ባለፈው ጥር አንድ ወዳጃችን ቦሳ አዲስ ውስጥ ላለች አንዲት ባለቡቲክ የሀበሻ ቀሚስ ፎቶ አነሳ። ሞዴሏ የጎረቤት ልጅ፣ ስቱዲዮው የአክስቱ ግቢ፣ መብራቱም የጠዋት ፀሐይ ነበር። (በማለዳ ነጭ አንሶላ ዘርግተን ብርሃን ስናንጸባርቅለት የነበርነው እኛ ነን፤ እጃችን እስካሁን ያመናል!) ፎቶዎቹ ግን አማሩ። ሳምንት ሳይሞላ በቴሌግራም አየናቸው፤ የባለቡቲኳ ቻናል ላይ ብቻ ሳይሆን ሰምተናቸው በማናውቅ ሦስት የልብስ መሸጫ ቻናሎች ላይም ጭምር። ጥግ ላይ የጻፈው ስሙ ተቆርጧል። በምትኩ የሻጭ ስልክ ቁጥር ተለጥፎበታል።

«ከሰረቁት ጥሩ ነው ማለት ነው» ብሎ ሳቀ ወዳጃችን። እኛ መሳቅ አቃተን።

የጅማና የአጋሮ ወጣት ፎቶ አንሺ እንዴት እንደሚኖር እናውቃለና። ቡና ተለቅሞ ሲሸጥ ሠርግ ይበዛል፣ ያኔ ይሠራል። ዩኒቨርሲቲው ሲያስመርቅ ይሠራል። ከዚያ ውጪ ያለው ጉርድ ፎቶ ነው። ፋሽን የሚያነሳው በተረፈችው ጊዜ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜም በነፃ። «ለስምህ ይጠቅምሃል» ይሉታል። እሺ ብሎ ያነሳላቸዋል፤ ስሙንም ቆርጠው ይጥሉታል። ታዲያ የከፈሉት ምንድነው?

ስም ደግሞ ለጌጥ አይደለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ፎቶግራፍን የሚጠብቀው የስብስብ አካል ሲሆን፣ በመጽሐፍ ሲታተም ወይም የአንሺውን አልያም የወኪሉን ስምና አድራሻ ሲይዝ ነው። ያኔ ከተነሳበት ጊዜ ጀምሮ 25 ዓመት ይጠበቃል። ስብስብም መጽሐፍም የሌለው የሰፈራችን ልጅ የቀረው መንገድ ሦስተኛው ነው። እንግዲህ ያቺን ጥግ በሁለት ጣት ቆርጦ የጣለ ሰው ምን እንደቆረጠ አስቡት።

የድሮዎቹ ይህን ያወቁበት ይመስለናል። እቤት ሳጥን ውስጥ ያሉትን ጥቁርና ነጭ ፎቶዎች ገልብጧቸው፤ በብዙዎቹ ጀርባ የፎቶ ቤቱ ማኅተም አለ፣ የቤቱ ስም ከነከተማው። ከአፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ለቤተ መንግሥት ያነሱትን የአርመኖቹን የቦያጂያን ቤተሰብ ስም እስከ ዛሬ እናውቃለን። ትናንት ቴሌግራም ላይ ያየነውን ቀሚስ ማን እንዳነሳው ግን የሚያውቅ የለም።

«እናንተ ደግሞ! ስሙ ቢኖር ጅማ ላይ ተቀምጦ የት ሊደርስ ነው?» የሚል አይጠፋም። ግርማ በርታ የአዲስ አበባን መንገደኞች በስልኩ እያነሳ፣ ከግርግሩ ነጥሎ በአንድ ቀለም መደብ ላይ እያቆመ የሠራቸው ፎቶዎች እ.ኤ.አ. በ2016 የጌቲ ኢሜጅስና የኢንስታግራምን ሽልማት አስገኝተውለታል። ልብ በሉ፣ በስልክ ነው! አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2010 የጀመረችው አዲስ ፎቶ ፌስትም የብዙ ወጣቶችን ሥራ ከነስማቸው ግድግዳ ላይ ሰቅሏል። ራቅ ካልንም እ.ኤ.አ. በ2018 የአሜሪካው ቮግ ቢዮንሴን ለመስከረም ሽፋኑ እንዲያነሳ የመረጠው ገና የ23 ዓመቱን ታይለር ሚቸልን ነው፤ በመጽሔቱ 126 ዓመት ታሪክ ሽፋኑን ያነሳ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ። ሥራውን ያየ ሰው «የማን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ መልስ ባያገኝ ኖሮ ማንን ይጠሩ ነበር?

ለነገሩ ጥፋቱ የባለቡቲኮች ብቻ አይደለም። ራሳቸው ፎቶ አንሺዎቻችን ከሞዴሏ ጀርባ የዱባይን ፎቅ ይለጥፋሉ፤ ደንበኛ ይወዳል ብለው። የጅሬን ኮረብታ እዚሁ ከተማው አናት ላይ ቁጭ ብሎ እያያቸው! ሌሎቹ ደግሞ ባለተረከዝ ጫማ ያደረገች ልጅ ይዘው ቡና ለቃሚዎች መሀል ይገባሉ፤ ለቃሚዎቹን ሳያስፈቅዱ፣ እንደ ዲኮር። ስሜ ተቆረጠ ብሎ የሚያኮርፍ ሰው ከጀርባ ያቆማቸውን እናት ስማቸውን ሊጠይቃቸው አይገባም? ቀሚሱን የጠለፈችዋ ልጅስ? እሷም የትም አልተጻፈችም። እኛም አንሶላ ይዘን በቆምንበት ጠዋት ይህን አላነሳንም፣ እውነቱን ለመናገር።

አሁን ወዳጃችን ግማሽ ገጽ ውል ጽፏል። ስሙና አድራሻው ጥግ ላይ ሳይሆን ቀሚሱ አጠገብ፣ ቢቆረጥ ልብሱም አብሮ በሚቆረጥበት ቦታ ይሆናል። የጠላፊዋ ስም ከሥር ይጻፋል። ፎቶው ለሌላ ቻናል ከተሰጠ ተጨማሪ ክፍያ አለው። ባለቡቲኳ ስሞቹን ያለ ክርክር ተቀብላለች፤ ክፍያው ላይ ግን «ላስብበት» ብላ ወረቀቱን ቦርሳዋ ውስጥ ከታዋለች። ቀጠሮው ቅዳሜ ጠዋት ነው። አንሶላውን አጥበነዋል።