ኦዲተሩ የት ነው የቆመው?

ነገ ጠዋት ከኦሎምፒያ ተነስተህ እስከ ደምበል በእግርህ ሂድ። ሩቅ አይደለም። ግራና ቀኙ መስታወት የለበሰ ፎቅ፣ ሆቴል፣ ባንክ፣ የአስመጪ ቢሮ ነው። ከፎቆቹ ሥር ደግሞ ጀበና ቡና የምታፈላዋ እህታችን፣ የሞባይል ሽፋን የሚሸጠው ልጅ፣ ፎቶ ኮፒ ቤቷ። ልጠይቅህ፤ "የግብር ሰዎች መጡ" ሲባል ቀድሞ የሚደነግጠው ማነው? ፎቁ ላይ ያለው ወይስ ሥሩ ያለው?

መልሱን ታውቀዋለህ። የኔ ጥያቄ ግን ለምን የሚለው ነው።

እኔ አካውንቲንግ ነው የተማርኩት። ሥራ የለኝም፤ ይህን መንገድ ሲቪ ይዤ ስመላለስበት ጫማዬ አልቋል። ግን ኦዲት ስንማር መጀመሪያ የተነገረንን አልረሳሁትም፦ ሁሉንም መመርመር አትችልም፣ ስለዚህ ስጋቱ ወዳለበት ሂድ። ይሄ ረቂቅ ነገር አይደለም። አንድ ጥበቃ ብቻ ያለው ባንክ ጥበቃውን ካዝናው ጋ ነው የሚያቆመው፣ አበባው ጋ አይደለም።

እስቲ አብረን እናስላ። አንዲት ሱቅ በዓመት 400 ሺህ ብር ሽያጭ ደበቀች እንበል። ትርፏ ትንሽ ስለሆነ መንግሥት ያጣው ግብር ቢበዛ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ነው። አንድ አስመጪ ደግሞ ከ200 ሚሊዮን ብር ሽያጩ አሥር በመቶውን ብቻ ደበቀ እንበል። 20 ሚሊዮን ነው። 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክሱ ብቻ 3 ሚሊዮን ብር ይሆናል፣ የትርፍ ግብሩን ሳንነካ። ጎበዝ ኦዲተር የአስመጪውን መዝገብ፣ የባንክ እንቅስቃሴና የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ለማመሳከር ወራት ሊፈጅበት ይችላል። ቢፈጅበትስ? በዚያው ጊዜ መቶ ሱቅ ቢያዞሩት ያንን ገንዘብ አያመጣም። መቶ ጠላት ግን ለመንግሥት ያፈራል።

ይሄ ደግሞ በዓይናችን ያየነው ነው። ሐምሌ 2009ን አስታውስ። የቀን ገቢ ግምት ተባለና ገማቾች ሱቅ ለሱቅ ዞሩ። ተገማቾቹ ደረጃ "ሐ" የሚባሉት፣ ያኔ ዓመታዊ ሽያጫቸው ከ500 ሺህ ብር በታች የሆኑት ነበሩ። ግምቱ ሲወጣ አምቦና ወሊሶ ሱቅ ተዘጋ፣ አዲስ አበባም ላይ አንዳንድ ሰፈሮች ዘጉ። ያን ሁሉ የሰው ኃይል ያፈሰስነው ደሃው ነጋዴ ላይ ነበር።

ከዚያ ኅዳር 2017 መርካቶ መጣ። የደረሰኝ ቁጥጥሩ ሲጠብቅ ዕቃ ይወረሳል የሚል ወሬ ተነዛ። የከተማው ገቢዎች ቢሮ ሐሰት ነው ቢልም ሱቆች ተዘግተው ዋሉ። ቸርቻሪዎቹ ያኔ ምን እንዳሉ ትዝ ይልሃል? "አስመጪውና አከፋፋዩ ደረሰኝ ሳይሰጠኝ እኔ ከየት አምጥቼ ልስጥ?" እኔ ለዚህ ጥያቄ አጥጋቢ መልስ አልሰማሁም። ደረሰኝ እኮ ከላይ ወደ ታች ነው የሚፈሰው። ምንጩ ላይ ከተዘጋ ቧንቧው ጫፍ ላይ ቆመህ ብትጮህ ምን ዋጋ አለው?

አንድ ጓደኛዬ በቅርቡ ላፕቶፕ ሊገዛ ገባ። ሻጩ ቀና ብሎ እንኳን ሳያየው "በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?" አለው። ሁለት ዋጋ! በጠራራ ፀሐይ፣ ዋናው መንገድ ላይ። አስተማሪው ወንድምህ ግን ሁለት ዋጋ የለውም፤ ግብሩ የሚቆረጠው ደሞዙ እጁ ሳይገባ ነው።

እዚህ ጋ "ሀብታም ይውደም" እያልኩ እንዳይመስልህ። ትልቅነትና ስጋት አንድ አይደሉም። መዝገቡን አሳምሮ የሚይዝ፣ ደረሰኝ የሚቆርጥ፣ በየዓመቱ ጥቅምት 30 ሳያልፍ የሚያሳውቅ ትልቅ ድርጅት አለ። ፋይሉ የተሟላ ስለሆነና ለመሥራት ስለሚቀል ብቻ ኦዲተር በየጊዜው እሱ ላይ ቢመላለስ ያው ጥፋት ነው። መዝገብ የሌለው እየሳቀ ያልፋል። ገቢዎች ሚኒስቴር ራሱ ሐሰተኛ ደረሰኝ ይሸጣሉ ያላቸውን ድርጅቶች ስም በአደባባይ አውጥቶ ያውቃል። ታዲያ ከነሱ ደረሰኝ እየገዛ ወጪውን ሲያሳብጥ የከረመው ማነው? ጀበና ቡና የምታፈላዋ አይደለችም። እዚያ ጋ ነው ምርጡ ኦዲተር መቀመጥ ያለበት። ባንክና የግል ድርጅት የተሻለ ደሞዝ ሰጥቶ እንዳይነጥቀውም ተገቢው ይከፈለው።

ሌላው በሽታ መለኪያው ነው። ሠራተኛን "ስንት ፋይል ዘጋህ?" ብለህ ከመዘንከው የሚቀለውን ፋይል ነው የሚያነሳው። እኔም ብሆን እንደዚያው ነው የማደርገው። "ከባዱን ያዝክ ወይ? ካገኘኸው ግብር በይግባኝ ያልወደቀው ስንት ነው?" ብለህ ጠይቀው፤ የሚያነሳው ፋይል ይቀየራል።

ስለዚህ ወንድሜ፣ እህቴ፣ "ግብር በዛ" ብሎ መጮህ ብቻ ይብቃ። ጥያቄያችን ቁጥር ይሁን። በየቅርንጫፉ ስንት ኦዲተር አለ? ስንቱ አስመጪና አከፋፋይ ላይ፣ ስንቱ ሱቅ ላይ ተመድቧል? ከእያንዳንዱ ምን ያህል ተሰበሰበ? ሚኒስቴሩም የከተማው ቢሮም የዓመቱን ገቢ በቢሊዮን እየቆጠሩ ይነግሩናል። ይህችንም አብረው ይንገሩን።