ቀጂው ማን ሆኖ ነው ወጣቱ የሚወቀሰው?

በጋይንት፣ በስማዳም ሆነ በእስቴ ስለ ሱስ የሚደረገውን ንግግር የአካባቢው ሰው በቃሉ ይዞታል። ተናጋሪው የወረዳ ኃላፊም ይሁን የሀገር ሽማግሌ «ወጣቱ» ብሎ ይጀምራል፣ ጫትና ሺሻን ይረግማል፣ «ትውልድ እየጠፋ ነው» ሲል ይጨበጨብለታል። ስብሰባው ሲበተን ከአጨብጫቢው ብዙው ጉሮሮውን ሊያርስ ወደ ጠላ ቤት ወይም ወደ አረቄ ቤት ጎራ ይላል። እዚያ የሚደረገውን ሱስ ብሎ የሚጠራው የለም። ጨዋታ ነው፣ ማኅበራዊ ኑሮ ነው፣ ብርድ ማባረሪያ ነው።

የምቃወመው ይህን አስተሳሰብ ነው። በምሥራቅ ደቡብ ጎንደር የመጠጥ ሱስ የወጣት በሽታ አይደለም። ከእናት ማህፀን እስከ ሽምግልና የሚዘልቅ ነገር ነው። ለሕፃኑ አያቱ፣ ለጎረምሳው አጎቱ፣ ለሽማግሌው ልጁ ይቀዳለታል። ወጣቱ ከመካከል ተነጥሎ የሚወገዘው ጥፋቱ ከሁሉም ስለከፋ ሳይሆን በመድረኩ ላይ መልስ የሚሰጥበት ማይክሮፎን ስለሌለው ይመስለኛል።

የተለመደውን መከራከሪያ አውቀዋለሁ፤ «ጠላ እኮ ምግብ ነው»። ሐሰት ነው አልልም። ከገብስ ወይም ከማሽላ የተጠመቀ ጠላ ለሠራተኛ ጉልበት ይሰጣል፤ የምንጭ ውኃ ተቅማጥ በሚያመጣበት አገር ሆድ የማያውክ መጠጥ ማግኘትም ቀላል ነገር አልነበረም። ከሁሉም በላይ ጠላ ልጓም ነበረው። ጌሾው ተወቅጦ፣ ብቅሉ በቅሎ፣ ጥንስሱ ተጠንስሶ፣ እንኩሮው ተነኩሮ፣ ድፍድፉ በጋን ሰንብቶ ለመጠጥ እስኪደርስ ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ለዚያውም የሚጠመቀው ለምክንያት ነው፤ ለማኅበር፣ ለሰንበቴ፣ ለክርስትና፣ ለሰርግ፣ ለደቦ። ከተጠለለ በኋላም ብዙ ሳይቆይ ይሆመጥጣል። ድግሱ ሲያልቅ ጠላውም ያልቃል፣ ሰውም ወደ ሥራው ይመለሳል።

አረቄ ይህን ልጓም በጠሰው። ድፍድፉ እሳት ላይ ይጣዳል፣ እንፋሎቱ በመቃ ይሻገራል፣ ቀዝቅዞ ጠብ ጠብ ይላል። የተጠራቀመው ነገር አይሆመጥጥም። በጀሪካን ተጭኖ ከወረታ እስከ ጋሸና ቢመላለስ፣ ዓመት ጓዳ ቢቀመጥ አይበላሽም። የማኅበር ቀን አያስጠብቅም፣ ድግስ አይጠይቅም። አባቱ በወር አንድ ጊዜ በጽዋ ቀን ይሰክር የነበረ ገበሬ ዛሬ ማክሰኞ ጠዋት፣ እህል ሳይቀምስ፣ በሬዎቹን አቁሞ አንድ መለኪያ ይላል። «ባህላችን ነው» የሚለው መከላከያ ለጠላ የተሰፋውን ካባ ለአረቄ ማልበስ ነው። አያቶቻችን በዓመት ውስጥ በቀኖና አጥረውት የነበረውን መጠጥ እኛ አጥሩን አፍርሰን ስናበቃ በስማቸው እንምላለን።

ሒሳቡም መልካም አይደለም። የቤት አረቄ ጥንካሬው ከቤት ቤት ቢለያይም 40 ከመቶ ገደማ አልኮል መያዙ የተለመደ ነው፤ ሁለቴ የወጣው ዳግም አረቄ ከዚያም ሊያልፍ ይችላል። እንግዲህ 40 ሚሊ ሊትር የምትይዝ መለኪያ 13 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል አለባት። ይህ በ5 ከመቶ ቢራ ሲመነዘር አንድ ትንሽ ጠርሙስ ሙሉ ነው። ጠዋት ሁለት፣ ማታ ሦስት የሚል ሰው በቀን አምስት ቢራ ጨርሷል፤ ያውም ራሱን ጠጪ ብሎ ሳይቆጥር። ምግብ ነው የተባለው ጠላም ቢሆን 3 ከመቶ አልኮል ካለው አንዱ ሊትር 24 ግራም ያህል ይይዛል፤ ሁለት ቢራ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ማለት ነው።

ሱሱ ከየት እንደሚጀምር ማየት የሚፈልግ ወደ ሺሻ ቤት ሳይሆን ወደ አራስ ቤት ይግባ። «ለእርጉዝ ትንሽ ጠላ አይጎዳም»፣ «ለአራስ ወተት ያመጣል» የሚለው ምክር የሚመጣው ከምናከብራቸው እናቶች ነው። አልኮል ግን የእንግዴ ልጅን አልፎ ጽንሱ ዘንድ ይደርሳል፤ የጽንሱ ጉበት ደግሞ ገና ሊያጣራው አይችልም፤ አእምሮው በሚሠራበት ሰዓት ነው የሚያገኘው። ወተቱንም ቢሆን አልኮል ያዘገየዋል እንጂ አያመጣውም፤ ጡት ሲጠባ ወተት እንዲወርድ የሚያደርገውን ሆርሞን ያዳክማልና። ከዚያ ልጁ ይድሃል፣ ይቆማል፣ ቅራሪ የእሱ ድርሻ ይሆናል። ሆዱን ሲቆርጠው አረቄ በጤና አዳም፣ ሲያስለው አረቄ በነጭ ሽንኩርት ይሰጠዋል። በማኅበር ቤት አያቱ ጭን ላይ ተቀምጦ ከዋንጫው ፉት ሲል ፊቱን ያኮማትራል፤ ቤቱ በሳቅ ይሞላል፤ «የአባቱ ልጅ!» ይባላል። በሌላው ማኅበር ፊቱን ማኮማተር ይተዋል፣ ምስጋናው ጥሞታላ። ባዶ ሆዱን የዋለ ሕፃን ትንሽ አልኮል የደሙን ስኳር አውርዶ ራሱን ሊያስተው እንደሚችል ግን በዚያ ቤት የነገራቸው የለም።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በብዙ ሺህ ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት 15 ዓመት ሳይሞላቸው መጠጥ ከጀመሩት ከመቶ 40 ያህሉ በኋላ ዘመናቸው የመጠጥ ጥገኛ ሆነው ሲገኙ፣ 20 ዓመት ሞልቷቸው ከጀመሩት ግን 10 ከመቶ ያህሉ ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል። ልዩነቱን ሁሉ ያመጣው ቀድሞ መጀመር ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ ቀድሞ የሚጀምር ልጅ ከቤቱ ሌላም የሚወርሰው ነገር አለ። ቢሆንም ከእኛ አገር ልጅ ስንቱ 15 ዓመት ሳይሞላው እንደሚጀምር አስቡት። እኛ እኮ ከጡት ጋር ነው የምናስጀምረው።

እንግዲህ ይህ ልጅ አድጎ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ወደ ነፋስ መውጫ፣ ወደ ወገዳ ወይም ወደ መካነ ኢየሱስ ይመጣል። ከጓደኞቹ ጋር አንዲት ክፍል ይከራያል፤ በሳምንቱ መጨረሻ ገጠር ወርዶ ስንቁን ተሸክሞ ይመለሳል። የሚችለው ኪራይ ርካሹን ነው፤ ርካሿ ክፍል ደግሞ ስንት ጊዜ ከአረቄ ቤት ጀርባ ያለችው ናት። በቀጭን ግድግዳ ማዶ የሚያጠናው የሰካራም ጨዋታ እየሰማ ነው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል። ይህን የሚል ወረቀት በአንድም አረቄ ቤት ግድግዳ ላይ ተለጥፎ አላየሁም። ያው አዋጅ የቢራን ማስታወቂያ ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ አውጥቷል፤ መልካም አድርጓል። የአረቄ ማስታወቂያ ግን ድሮም ቴሌቪዥን ላይ አልነበረም። በሃይላንድ ጠርሙስ «ሮጥ በልና አምጣልኝ» ተብሎ የሚላከው ልጅ ማስታወቂያውን ከአባቱ ያገኘዋል።

ትምህርቱን ያቋረጠው ደግሞ ሰሊጥ ሊያጭድ ወደ መተማና ወደ ሁመራ ይወርዳል። ከቤተሰቡ ርቆ በሙቀትና በወባ መካከል ይከርማል፤ ማታ ከአረቄ በቀር የሚያጽናናው የለም። ገንዘብ ይዞ ሲመለስ «ሰው ሆነ» ይባልና ለአጎቶቹ የሚጋብዘው ራሱ ይሆናል። በዚህ ሁሉ ላይ ጦርነት ተጨመረ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ነፋስ መውጫ በሕወሓት ተዋጊዎች እጅ በነበረችባቸው ቀናት የሆነውን ዓለም ያወቀው አምነስቲ ኢንተርናሽናል የተደፈሩትን ሴቶች ቃል ይዞ በወጣ ጊዜ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ አማራ ክልል ሌላ ጦርነት ውስጥ ነው፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ልጅ ከትምህርት ገበታ ውጭ ቀርቷል። በዚህ መካከል ሌሊት እንቅልፍ ያጣ ወጣት በመለኪያ ያሸልባል፤ ነገር ግን አልኮል ከእንቅልፉ ሁለተኛውን አጋማሽ ይነሳዋልና ሲነጋጋ ልቡ እየመታ ይነቃል፣ በማግስቱ መጠኑን ይጨምራል። ይህን ወጣት «ሱሰኛ» ብሎ መውቀስ ቀላል ነው። እንዲተኛ የረዳው ማን አለ?

ስለ ጎልማሳው ብዙ አይነገርም፤ ቤት የሚፈርሰው ግን በእሱ ነው። መሬት በሕግ አይሸጥም፣ ይከራያል። ጠጪው አንዷን ጥማድ ለእኩል ይሰጣል፣ ሌላዋን ኪራይዋን አስቀድሞ ተቀብሎ ለዓመታት ያስይዛል፣ ገንዘቡ ቤት ሳይደርስ አረቄ ቤት ያልቃል። በራሱ ማሳ ላይ ሌላው ሲያርስ ቆሞ ያያል። ያፈረውን ማታ በሚስቱ ላይ ይወጣዋል። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ሴፍቲኔት በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ጀምሮ የእርዳታ ተጠቃሚዎች የሚመዘገቡባቸው ወረዳዎች ናቸው፤ አንድ ማሳ በመለኪያ ሲሄድ አንድ ቤት ወደዚያ መዝገብ ይጠጋል።

እዚህ ላይ ጣታቸውን ወደ አረቄ ሻጯ የሚቀስሩ አሉ፤ አልተባበራቸውም። ሻጯ ብዙ ጊዜ የተፋታች ወይም ባሏ የሞተባት፣ መሬት የሌላት ሴት ናት። እህሉን ገዝታ እህል አድርጋ ብትሸጠው የሚተርፋት ነገር የለም፤ አረቄ ስታደርገው የልጇ ደብተርና የቤት ኪራይ ይወጣል፣ አተላው የምታደልበውን በግ ይቀልባል። ጋኗን መስበር ሌላዋን ሻጭ ማበልጸግ ነው። ሌላ ሥራ የሚሆን ብድርና ገበያ ያላዘጋጀ ወረዳ ጋን የመስበር መብት የለውም።

የሽማግሌውን ነገር ባጭሩ ልበል። መሬቱን ለልጆቹ አካፍሎ ከሥራ ያረፈ አባት ከቅዳሴ መልስ የሚውለው ጠላ ቤት ነው፤ ማክበር ማለትም መቅዳት ሆኗል። በዕድሜ የሰውነት ውኃ ይቀንሳል፤ በሠላሳ ዓመቱ የሚሸከመው መጠን በሰባ ዓመቱ ደሙ ውስጥ ይበረታበታል፣ ከደም ግፊት ኪኒን ጋር ተደርቦ ያዞረዋል፣ ይጥለዋል፣ ዳሌው ይሰበራል። መርሳቱን እርጅና እንለዋለን። ብርድ ያሞቃል መባሉም ከፍታው ከ4,000 ሜትር በላይ በሆነው በጉና ተራራ ግርጌ ለሚኖር ሰው አሳሳች ነው። አረቄ በቆዳ ሥር ያሉትን የደም ሥሮች ስለሚከፍት ፊት ይሞቃል፤ የሚሞቀው ግን ከውስጥ እየወጣ የሚባክነው የራሱ የሰውነቱ ሙቀት ነው። «ለአቅሙ ትንሽ ለጤና ጥሩ ነው» ለሚሉም የዓለም ጤና ድርጅት በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ለጤና አደጋ የሌለው የአልኮል መጠን አለ ማለት እንደማይቻል አስታውቋል።

የዙር አምባና የቤተልሔም የአብነት ትምህርት ቤቶች ያሉበት ይህ አገር የሊቃውንት አገር ነው፤ ዝማሬ መዋሥእቱን፣ ድጓውን ለማስመስከር ተማሪ ከአራቱም ማዕዘን የሚመጣበት። በዚህ አገር የካህን ቃል ከወረዳው ደብዳቤ ይልቅ ይሰማል። ታዲያ የንስሐ አባት ቤት ሲባርክ መጀመሪያ የሚቀርብለት ምንድን ነው? ካህናቱ ለራሳቸው የሚቀዳውን አረቄ «ይቅርብኝ» ቢሉ፣ ማኅበርተኛው ለልጆች ቅራሪ መስጠትን ቢያስቀር፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እርጉዟን ስትመዘግብ ስለ ጠላ አንድ ጥያቄ ብትጨምር፣ ከመቶ የወጣቶች ንቅናቄ መድረክ የበለጠ ይሠራል። ለዚህ በጀት አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ትልልቆቹ ከራሳቸው ዋንጫ መጀመራቸው ነው፤ የሚከብደውም እሱ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ለቤተሰብ ልናገር። ለዓመታት በየቀኑ አብዝቶ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም በሰዓታት ውስጥ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ሊያንዘፈዝፈው፣ የሌለ ነገር ሊያይና ሊቃዥ ይችላል። በእኛ ዘንድ ይህ ሲታይ «መንፈስ ጮኸበት» ተብሎ ሰውየው ተጠፍሮ ወደ ጸበል ይወሰዳል። ጸበሉን አልቃወምም። ይህ ሕመም ግን ካልታከመ ሊገድል ይችላል፤ ሲታከም ደግሞ በጥቂት ቀን በዲያዜፓምና በቫይታሚን ቢ1 ይበርዳል። አባታችሁ ወይም ወንድማችሁ «አቆምኩ» ብሎ ሲንቀጠቀጥ ካያችሁ አትጠፍሩት፤ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ፣ ከከበደም ደብረ ታቦር ሆስፒታል አድርሱት። ጸበሉ ከዚያ በኋላም ይደርሳል።