የሩቅ መርዶ

መርዶ የሚሰሙ ሰዎች ኹሉ ልባቸው አንድ አይደለም። አንዱ ሰምቶ ያዝናል፤ አንዱ «እኛን አልነካንም» ብሎ ወደ ጨዋታው ይመለሳል፤ ሌላውም «ምን ኃጢአት ሠርተው ይኾን?» እያለ በሞቱት ላይ ይፈርዳል።

በኮልፌ ቀራንዮ ቆሼ የሚባል ስፍራ አለ። የአዲስ አበባ ጥራጊ ለ50 ዓመት ያህል በዚያ ስለ ተጣለ እንደ ኮረብታ ኾኖ ነበር። በግርጌውም ድኾች ቤት ሠርተው ይኖሩ ነበር። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓመተ ምሕረት ማታ ክምሩ ተናደና ከ110 የሚበልጡ ሰዎችን ቀበረ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ያን ጊዜ የሟቾቹን ስም እንኳ የማያውቁ ሰዎች ከሩቅ ሰምተው አለቀሱ፤ ካላቸውም ሰጡ።

ከ7 ዓመት በኋላ፥ ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓመተ ምሕረት፥ በደቡብ ኢትዮጵያ በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ ብርቱ ዝናም ዘንሞ ተራራው ተናደ። ጎረቤቶች የተቀበሩትን ለማውጣት በአካፋና በእጃቸው ሲቈፍሩ አፈሩ ዳግመኛ ተናደባቸው። የሞቱትም ከ200 በለጡ። ሌላውን ለማዳን ሮጦ በሞተ ሰው ላይ «ኃጢአተኛ ነበረ» ብሎ ሊፈርድ የሚደፍር ማን ነው? የሰሊሆም ግንብ ወድቆ 18 ሰዎች በሞቱ ጊዜ፥ ጌታችን ከሌሎቹ ይልቅ በደለኞች እንዳልነበሩ እንዳስተማረ በሉቃስ ወንጌል በምዕራፍ 13 ተጽፏል።

የአፈር ናዳ ምን እንደሚያደርግ ለኮልፌ ሰው መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው። ስለዚህ የጎፋ ኀዘን ለኮልፌ ልጅ የባዕድ አገር ወሬ ሊኾን አይገባውም። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ይባላል፤ በችግር ቀን ፈጥኖ የሚደርስ ጎረቤት ነውና እውነት ነው። ነገር ግን ጎረቤቱም አብሮ በተቀበረ ጊዜ፥ ከሩቅ ሰው በቀር ማን ይደርሳል?

«ሕፃን ምን ሊያደርግ ይችላል?» የሚል ቢኖር፥ ሕፃንም ብዙ ሊያደርግ ይችላል። የሰውን መከራ እንደ ተረት ለጨዋታ አያውራው። እግዚአብሔር ኀዘንተኞችን እንዲያጽናና፥ የቀሩትንም ልጆች እንዲጠብቅ ይለምን። ርዳታ በሚሰበሰብበትም ቀን ከጥቂቱ ጥቂት ይስጥ። እግር በማይደርስበት ስፍራ ጸሎት ይደርሳል፤ ነገር ግን ጸልዮ እጁን የሚያጥፍ ሰው የለመነውን ነገር ራሱ ከልክሏል።