ጓሮም ጎተራ ነው

በዛሬው አምዳችን ከማድ ቤታችን ጀርባ ስላለችው ቁራሽ መሬት፣ ስለ ጓሮ እንነጋገራለን። ስለ ማሳ ብዙ ይባላል፤ ስለ ጓሮ ግን እምብዛም አይነገርም። ማሳው የአባወራው፣ ጓሮው የእማወራዋ ነው ተብሎ ስለሚታሰብ ይሆን? ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፣ በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል እንደሚባለው፣ የጓሮ ሀብት ዋጋው የሚታወቀው ብዙ ጊዜ ከጠፋ በኋላ ነው።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን በደቡብ ኢትዮጵያ የሚገኘው የጋሞ አገር ነው። የጨንቻ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስትገኝ፣ አርባ ምንጭ በ1,300 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ግን 40 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ጠዋት ጋቢውን ተከናንቦ ከደጋ የተነሣ መንገደኛ ቆላ ሲደርስ አጥፎ በክንዱ ይይዘዋል። ጓሮውም እንደዚሁ ቁልቁል በወረዱ ቁጥር መልኩን ይለውጣል።

በደጋው ቤቱን ከብቦ የሚታየው እንሰት ነው። የከብቱ ፍግ ሩቅ ሳይጓዝ ከሥሩ ይደፋለታል። በእንሰቱ መሐልና ዳር ጎመን፣ ድንችና ነጭ ሽንኩርት ይተከላል፤ ከደጃፉ አጠገብ ጤና አዳምና አሪቲ፣ ከአጥሩ ጥግ ደግሞ ቀርከሃ ይበቅላል። በቆላው ጓሮ ሙዝ፣ ማንጎ፣ ፓፓያ፣ ጎደሬና ቃሪያ ይገኛሉ። ከሁሉ በላይ ግን የቆላዋ እመቤት መመኪያ በአካባቢው «ሀለኮ» የሚባለው የሽፈራው ዛፍ ነው። ቅጠሉ እንደ ጎመን ተቀቅሎ ይበላል፤ በበጋ ሌላው አትክልት ሲደርቅ እርሱ አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል። የደጋዋ ሴት ነጭ ሽንኩርትና ድንች ይዛ ወደ ገበያ ትወርዳለች፤ ከቆላ የመጣ ፍራፍሬ ይዛ ትመለሳለች። አንዱ ጓሮ የሌላውን ጉድለት ይሞላል ማለት ነው።

በአንድ ወቅት ለሥራ ወደ ጨንቻ አካባቢ በወጣሁ ጊዜ አንዲት እናት ጓሯቸውን እያዞሩ አሳዩኝ። ጋሞኛ ስለማልችል የልጅ ልጃቸው ታስተረጉምልኝ ነበር።

«እማማ፣ ይህ ሁሉ እንሰት አንድ ዓይነት አይደለም?» ብዬ ስጠይቃቸው ሳቁብኝ። ከዚያም ግንዱን እየዳሰሱ፣ የቅጠሉን መሐል ቀለም እያሳዩ አንድ በአንድ በስሙ ጠሩልኝ። ይኸኛው ለቆጮ፣ ያኛው ለቡላ፣ ሌላው አምቾው ተቀቅሎ ለመብላት፣ ያ ደግሞ ቃጫው ለገመድ ይመረጣል። በመጨረሻ ጥግ ላይ ወደቆሙ ሁለት እንሰቶች ወሰዱኝ። አጥንቱ ለተሰበረ ሰው ተቀቅሎ ይሰጣል ተብሎ የሚጠበቅ ዓይነት ነው። ከዚህ ዓይነት የቀሯቸው እነዚህ ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ ልጃቸው ደግሞ በዚያ ቦታ ፖም ለመትከል አስቧል።

«ልጄ፣ ይህን እንሰት ሙሽራ ሆኜ ስመጣ የሰጡኝ አማቴ ናቸው። እንደ ገብስ በጎታ አላስቀምጠው! ከጠፋ ከየት አመጣዋለሁ?» አሉኝ።

የእኒህ እናት ጥያቄ ቀላል አይደለም። ገበሬው እንሰትን የሚያባዛው በፍሬው ሳይሆን ከአምቾው በሚፈላው ችግኝ ነው። ስለዚህ አንድ ዓይነት እንሰት የሚኖረው በሰው ጓሮ ውስጥ ቆሞ እስካለ ድረስ ነው። ጎተራው ጓሮው ራሱ ነው፤ የጎተራው ጠባቂም ፍቃ፣ ቀብራ፣ ጋግራ ጠባዩን የምታውቀው ሴት ናት።

ፖም ከውጭ በመጡ ሚስዮናውያን አማካይነት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ጨንቻ ከገባ ወዲህ ለብዙ ቤተሰብ ጥሩ ገቢ አስገኝቷል። በአርባ ምንጭ ዙሪያም ሙዝ እንዲሁ። ሁለቱም ጠላቶቻችን አይደሉም፤ የልጆች ደብተርና የቤት ቆርቆሮ የተገዛው በእነርሱ ነው። ጉዳቱ የሚመጣው ጓሮው በሙሉ ለአንድ ተክል ሲለቀቅ ነው። ያን ጊዜ እመቤቲቱ ትናንት ቀንጥሳ ታበስል የነበረውን ጎመን ዛሬ በገንዘብ ትገዛለች። የፖሙና የሙዙ ሽያጭ ብዙውን ጊዜ በአባወራው እጅ ሲገባ፣ ጨውና ሳሙና ይገዛ የነበረው የእርሷ የጎመን ሳንቲም ግን ይቀራል። ዋጋ የወደቀ ዕለትም የሚላስ የሚቀመስ ይጠፋል።

የበሽታም ነገር አለ። የእንሰት አጠውልግ የሚባለው በሽታ በሳይንስ መጽሔት የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። በቢላዋና በመሣሪያ ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ይተላለፋል፤ ሙዝንም ይይዛል። ይሁን እንጂ ሁሉም የእንሰት ዓይነት እኩል አይጎዳም። ለምሳሌ «ማዝያ» የተባለው በሽታውን ከሌሎቹ በተሻለ እንደሚቋቋም ታውቋል። እንግዲህ ልዩ ልዩ ዓይነት የተከለች እመቤት በሽታ ቢመጣም ባዶ እጅዋን አትቀርም።

ታዲያ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ለገበያ የሚሆነውን ተክል ስንተክል ከጓሮው ከፊሉን ለቤት ምግብ እናስቀር። ይህም ባልና ሚስት ቁጭ ብለው የሚመካከሩበት ጉዳይ ይሁን።

ሁለተኛ፣ የጎመንና የቅመማ ቅመም ዘር በጥላ አድርቀን፣ ከአመድ ጋር ቀላቅለን፣ በደረቅ ዕቃ ከድነን እናስቀምጥ።

ሦስተኛ፣ የታመመ እንሰት ወይም ሙዝ የቆረጥንበትን ቢላዋ በእሳት ሳናግል ጤነኛውን አንንካ። የታመመውንም ነቅለን እንቅበር።

አራተኛ፣ ብርቅ የሆነ ተክል ያላት ለጎረቤቷ ታካፍል። የሰጠችው ተክል የእርሷ ቢጠፋ መልሳ የምታገኘው ነውና።

ከተማ ለምትኖሩ እህቶችም ቢሆን በአሮጌ ጣሳ ጤና አዳምና በሶብላ ለመትከል ሰፊ ግቢ አያስፈልግም።

እኒያ እናት ከመሰነባበታችን በፊት የወሰኑትን ነገሩኝ። ከሁለቱ እንሰቶች አንዱን ቆርጠው አምቾውን ለችግኝ ቀብረውታል። ሲፈላ ለሦስት ጎረቤቶቻቸውና ወይና ደጋ ላገባች ልጃቸው ሊሰጡ ነው። ወንዱ ልጃቸውም ፖሙን ከአጥሩ ወዲያ ሊተክል ተስማምቷል።

«አሁን እንኳ ብሞት» አሉ እየሳቁ፣ «እንሰቱ አይሞትም።»