የቤታችን ጉዳይ፦ ምርጊቱ ከዝናቡ በፊት



የካቲት ተጋምሷል። አገር ቤት ቢሆን ወሎና ሰሜን ሸዋ ያለው ገበሬ በልግን ብሎ ሰማይ ሰማይ የሚያይበት ጊዜ ነው። እኛ ያለንበት ካኩማ ግን ቀኑ እንደ ምጣድ ግሏል፤ ከሰዓት በኋላ የሚነሳው አቧራም የታጠበ ልብስ አይል፣ የተቦካ ሊጥ አይል፣ ሁሉን ያለብሰዋል። በእንዲህ ያለ ቀን ስለ ዝናብ ማውራት ቀልድ ይመስላል። ሆኖም የዚህ አገር ዋናው ዝናብ የሚጠበቀው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው። አንዳንድ ዓመት ይቀራል፤ ከመጣ ግን የጭቃ ቤት ለመናድ አንድ ሌሊት ይበቃዋል።

ስለዚህ ግድግዳ የሚመረገው አሁን ነው። ችግሩ ጭቃ የሚቦካው በውኃ መሆኑ ነው! ሌሊት 10 ሰዓት ተነስታ ጀሪካን ያሰለፈች እናት ሦስት ቀድታ ከተመለሰች ዕድለኛ ናት። ባለ 20ው ሦስት ጀሪካን 60 ሊትር ነው፤ አምስት ነፍስ ባለበት ቤት ለአንድ ሰው 12 ሊትር ይደርሳል። መጠጡ፣ ወጡ፣ የሕፃኑ ልብስ፣ ሁሉም ከዚያው ነው። ታዲያ ለጭቃ ከየት ይምጣ?

በየብሎኩ ስንዞር ያየነው ብልሃት ይኸውና። ልብስ የተለቀለቀበት ውኃ አይደፋም፤ በተሰነጠቀ ሳፋም ቢሆን ይጠራቀማል። አፈሩ ላይ የሚፈሰው ፀሐይ ከገባች በኋላ ነው፤ ቀን ከሆነማ ግማሹን ፀሐይዋ ትጠጣዋለች። ከዚያ በአሮጌ ሸራ ተሸፍኖ ያድራል። ጠዋት ሲረገጥ ትንሽ ውኃ ብቻ ይፈልጋል። የጤፍ ጭድ እዚህ የለም፤ የተቆራረጠ ደረቅ ሣርና የአህያ ፋንድያ ግን ጭቃውን ይይዛል፣ ስንጥቁንም ይቀንሳል። ጭቃው ለሁሉም ካልበቃ ደግሞ ከታች ጀምሩ። ቤት የሚፈርሰው ከእግሩ ነው፤ ከጣሪያ የሚወርደው ውኃ መሬት መትቶ የሚረጨው እዚያ ነዋ። እስከ ጉልበት ድረስ ከተመረገና ዙሪያውን ቦይ ከወጣለት የላይኛው ለሌላ ሳምንት ሊቆይ ይችላል።

(አባወራዎች፣ ቆርቆሮ መምታት የወንድ ሥራ ነው ስትሉ ሰምተናል። ጭቃው ለምን የእናት ብቻ እንደሆነ ግን እስካሁን ያስረዳን የለም።)

አፈሩንስ ከየት ቆፈራችሁት? ይህን አጥብቀን የምንጠይቀው በምክንያት ነው። ከደጃፍ የተቆፈረ ጉድጓድ ዛሬ ልጆች የሚደበቁበት መጫወቻ ነው። ዝናብ በጣለ ማግስት ግን ጥልቀቱ የማይታይ ኩሬ ይሆናል። ዳዴ የሚል ሕፃን ለመስጠም ብዙ ውኃ አያስፈልገውም፤ የወባ ትንኝም የምትራባው እዚያው ነው። በየቤቱ አንድ አንድ ከመቆፈር አምስት ስድስት ቤት ተስማምቶ ከመንገድ ራቅ ያለ አንድ ቦታ ይጠቀም፤ ሲጨርስም በአመድና በፍርስራሽ ይሙላው።

ማገዶም አለ። እንጨቱን ከቱርካና እናቶች በእህል የሚለውጡ ብዙዎች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2025 ራሽኑ ከተቀነሰ ወዲህ ደግሞ ከዚያች እህል ላይ መስፈር እጅ ያንቀጠቅጣል። ቢሆንም ከተገኘው አንድ እስር ድንጋይ ላይ አድርጋችሁ ጣሪያ ሥር አስቀምጡ። እርጥብ እንጨት ጭሱ ለዓይን ነው፣ ሙቀቱም ለድስት አይበቃም።

አንድ ነገር ቀረን፤ ላጋው። አሁን ታራች ደረቅ አሸዋ ነው፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ እኛም ለገበያና ለራሽን አቋርጠነው እንሄዳለን። ጎርፉ ግን እኛ ዘንድ ጠብታ ሳይወርድ ከላይ በዘነበ ዝናብ ይመጣል። ከዚህ ቀደም ሰው ወስዷል፤ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከመጋቢት ጀምሮ ልጅ ብቻውን አሸዋው ላይ አይላክ። ወደ ላይኛው በኩል ሰማዩ ከጠቆረ፣ ወይም የሚጓጓ ድምፅ ከተሰማ፣ ቶሎ ወደ ዳር መውጣት ነው። ላጋው ሞልቶ ከደረሳችሁም እስኪጎድል እዚያው ዳር ቆዩ። ቤት ያላችሁትም «ለምን አመሸሽ?» ብላችሁ አትቆጡ።