ትምህርት ቤቱ በመንገዱ መነሻ ይቁም

ልጅን ከአባቱ ቤት አታሎ ወስዶ የሚነግድበትን ሰው ሕግ ይቅጣው እንጂ ሌላ ምን መድኃኒት አለ የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ሕግ ከሆነማ ኢትዮጵያ ሕግ አላጣችም። በመስከረም 1916 ዓ.ም. ወደ ዓለም መንግሥታት ማኅበር በገባች ጊዜ የባሪያን ንግድ ልታጠፋ ቃል ሰጠች፤ በዚያው ዓመት በመጋቢት አዋጅ ወጣ፤ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ባርነት ፈጽሞ እንዲቀር ታወጀ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በሰው መነገድን ከልክሏል፤ የ2012 ዓ.ም. አዋጅ ቍጥር 1178ም ቅጣቱን ዘርዝሮታል። ይህ ሁሉ ሆኖ ልጅ ዛሬም ይወሰዳል።

የቤንች አገር ይህን ነገር ያውቀዋል። በ1889 ዓ.ም. በከፋ ላይ ከተዘመተ በኋላ፣ አገሩ ጊሚራ ይባል በነበረበት ዘመን፣ ወደዚያና ወደ ማጂ የወረደው ወታደርና ነጋዴ ሕፃናትን እየነዳ መውጣቱ በታሪክ የተጻፈ ነው። ያ ነጋዴ ጠመንጃ ይዞ ይመጣ ነበር። የዛሬው ደላላ ጠመንጃ አያስፈልገውም፤ የሚይዘው ቃል ነው፤ ቃሉም «ልጅህን ከተማ ወስጄ አስተምርልሃለሁ» የሚል ነው። ከጋሞ ደጋ «ሸማ ሥራ ይማራሉ» እየተባሉ ወደ አዲስ አበባ የተወሰዱት ልጆች ነገር ብዙ ጊዜ ተነግሯል፤ በዚያም ቢሆን መታለያው የትምህርት ስም ነው። አባት ልጁን አሳልፎ የሚሰጠው ስለሚጠላው አይደለም፤ እንዲማርለት ስለሚወድ ነው። መንደሩ ትምህርት ቤት ያጣ እንደ ሆነ ደላላው ብቻውን የትምህርት ሚኒስቴር ይሆናል።

ከቤንች በስተ ሰሜን ካለው ከኢሉባቦር በሕፃንነቱ ተወስዶ፣ ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠ ምጽዋ የደረሰው ኦኔሲሞስ ነሲብ ነፃ ከወጣ በኋላ በእምኩሉ ትምህርት ቤት ተማረ፤ እንደ እርሱ ከባርነት የወጣችው አስቴር ጋኖ እየረዳችው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መለሰ፤ በ1891 ዓ.ም. ታተመ። ራስ ተፈሪም ነፃ ለወጡ ልጆች በአዲስ አበባ ትምህርት ቤት አቁመው ነበር። ሁለቱም የሚመሰገን ሥራ ነው፤ ነገር ግን ትምህርት ቤቱ የቆመው በመንገዱ መጨረሻ ነበር። ልጁ ፊደል ያገኘው እናቱን ካጣ በኋላ ነው። ስንቱ ደግሞ እዚያ ሳይደርስ ቀረ!

በሚዛን ተፈሪና በቴፒ ትምህርት ቤት አለ፤ ዩኒቨርሲቲም እንኳ አለ። ከሸዋ ቤንች ገጠር ገደል ማዶ ያለው የሰባት ዓመት ልጅ ግን፣ ዝናም በማይለቅበት አገር ወንዝ ተሻግሮ ፊደል ሊቈጥር አይችልም። ቡናውም የሚለቀመው ትምህርት ከተጀመረ በኋላ ነው፤ ልጁ ለለቀማ ይቀራል፤ ሲመለስ ጓደኞቹ ቀድመውታል፤ ያፍራል፤ ይተወዋል። ደላላው የሚፈልገው ይህን ልጅ ነው። ወላጆችና ሽማግሌዎች ራሳቸው ያቆሙት ትምህርት ቤት ግን በለቀማ ወራት ሰዓቱን ሊያዛውር ይችላል፤ መምህሩም ልጆቹን ከነአባታቸው ስም ያውቃልና፣ የቀረውን ልጅ በሦስተኛው ቀን ከቤቱ ሄዶ ይጠይቃል።

የሚቀበል ባይኖር ደግሞ የሚያመጣ ባልኖረ ነበር። የራሱን ልጆች ማለዳ ደብተር አስይዞ እየላከ፣ የዐሥር ዓመት ልጃገረድ ከምድጃው አጠገብ የሚያስቀር፣ «ከድኽነት አወጣኋት» የሚልም የተማረ ሰው አለ። አንዳንዱ ካህንም ከንስሐ ልጁ ቤት ገብቶ ልጅቱ ያቀረበችለትን እንጀራ ባርኮ ይበላል፤ ከየት መጣሽ፣ ትማሪያለሽን ብሎ ግን አይጠይቃትም። ይህን ዝምታ የሚቀጣ የአዋጅ ቍጥር የለም።

ገንዘቡ ከወዴት ይመጣል ይባላል። ከቤበቃ እርሻና ከገበሬው ጓሮ የተለቀመው ቡና በጅማ መንገድ ተጭኖ ይወጣል፤ በዚያው መንገድ ልጁም ይወጣል። ከጭነቱ ላይ ለአንድ መምህር ደመወዝና ለአንድ ክፍል ቈርቈሮ የሚሆን ማስቀረት አይቻልም የሚል ነጋዴ ካለ፣ ሒሳቡን በአደባባይ ያሳይ።