በጳጉሜን ቤቱን ለልጁ ስጡት
በጎረቤላ ቤት ተከራይተው ለሚማሩ ልጆች የቀረበ ጥሪ

የክረምቱ ዝናም አባርቶ በአንኮበር ገደል ላይ የተጋደመው ጉም መገለጥ ሲጀምር፣ ትምህርት ቤቱም በሩን ሊከፍት ጥቂት ቀኖች ሲቀሩት፣ አንዱ የበሶና የድርቆሽ ከረጢቱን በትከሻው አንግቶ፣ ሌላይቱ ድስቷንና ብርድ ልብሷን በአንድ ጠቅልላ አዝላ፣ ከኋላቸውም አባት የዱቄቱን ስልቻ በአህያ ጭኖ እየነዳ፣ ከቆላው ቀበሌዎች ዳገቱን ወጥተው ወደ ጎረቤላ የሚገቡትን ልጆች በየዓመቱ ሳያይ የቀረ የከተማችን ነዋሪ ያለ አይመስለኝም። አህያው ተራግፎ አባት በመጣበት መንገድ ከተመለሰ በኋላ ግን፣ ሁለት ወይም ሦስት ሆነው በተከራዩአት ጠባብ ክፍል ውስጥ የሚቀሩት እነዚህ የ14 እና የ15 ዓመት ልጆች ያችን የመጀመሪያ ሌሊት እንዴት እንደሚያድሩ ጠይቀን እናውቃለን ወይ?

ሕጋችን ከ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጀምሮ 18 ዓመት ያልሞላውን ሁሉ አካለ መጠን ያላደረሰ ብሎ በአሳዳሪና በሞግዚት ጥበቃ ሥር ያኖረዋል፤ ተከራዩ ተማሪ ግን የክፍሉን ቁልፍ በተቀበለባት ቀን፣ ሕጉ ሳያውቀው፣ ራሱ አባወራ፣ ራሱ እመቤት፣ ራሱም መጋቢ ይሆናል። ዱቄቱ ለስንት ቀን እንደሚበቃ የሚሰፍረው እርሱ ነው፤ ከእናቱ መቀነት የተፈታችውን ጥቂት ብር ለደብተር፣ ለሳሙናና ለከሰል የሚያከፋፍላት እርሱ ነው፤ ሲታመምም ሐኪም ቤት ልሂድ ወይስ ልታገሥ ብሎ የሚፈርደው እርሱው ነው።

ልጅን ለትምህርት ከቤት ማውጣት ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። የቆሎ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንጠልጥሎ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ ሲለምን፣ ጎጆውን በገዛ እጁ ሲቀልስ፣ የተቀደደ ልብሱን ሲጥፍ፣ ከመንደር ውሻ ጋር ሲታገል ያደገ ነው፤ ከዚያም ጽናት ሊቃውንት ተገኝተዋል። ነገር ግን ያ ሥርዓት ልጁን ብቻውን የጣለ ሥርዓት እንዳልነበረ ልብ ማለት ያሻል፤ ከላዩ የኔታ ነበሩ፤ ከጎኑም ቀድሞት የገባ ደቀ መዝሙር የማገሩን አጣጣልና የቆሎውን አቆላል ያሳየው ነበር፤ ቁራሽ የሚሰጠውም ባላገር የማን ልጅ እንደ ሆነና ከየት እንደ መጣ ሳይጠይቀው አይሸኘውም ነበር። አባታቸው ንጉሥ ኃይለ መለኮት በ1848 ዓ.ም. ሲሞቱ በ11 ዓመታቸው ከሸዋ የተወሰዱት ዳግማዊ ምኒልክ እንኳ፣ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው እስኪመለሱ ድረስ የጕርምስናቸውን ዘመን በባዕድ አምባ ሲያሳልፉ፣ ምንም ምርኮኛ ቢሆኑ፣ በዐፄ ቴዎድሮስ ቤት የሚያሳድጋቸው አላጡም። የዛሬው ተከራይ ልጅ ግን ስደቱን ወርሶ የኔታውን አልወረሰም።

ይህን የምናገረው ከሩቅ አይቼ አይደለም፤ እኔም ከእነዚህ ልጆች አንዱ ነበርሁ። ከቆላ የወጣ ልጅ የደጋውን የኅዳር ውርጭ አያውቀውምና፣ አንድ ሌሊት ከጓደኛዬ ጋር በሩን ዘግተን፣ የመስኮቱን ቀዳዳ በጨርቅ ወትፈን፣ የከሰሉን ምድጃ በመካከላችን አድርገን ተኛን፤ አከራያችን እማማ ለጸሎት ሌሊት ተነሥተው የፍሙን ብርሃን በበሩ ስንጥቅ ባያዩና በሩን ደብድበው ባያስከፍቱን ኖሮ፣ ይህን ጽሑፍ የሚጽፍ እጅ ባልነበረ። እናቴ እሳት አያያዝ አስተምራኝ ነበር፤ ነገር ግን በተዘጋ ክፍል የሚነድ ከሰል ሽታም ቀለምም የሌለው መርዝ እንደሚያወጣና የተኛውን ሰው ሳያነቃው እንደሚገድለው፣ ጢሱ በሣር ክዳን ሾልኮ በሚወጣበት ጎጆ ዕድሜዋን ለፈጸመች ሴት ማን ነግሯት ታስተምረኝ? የእርሷ ጥፋት አይደለም፤ ያንን ዕውቀት የያዘችው ከተማይቱ ነበረች፤ ከተማይቱም ለአከራይ የሚከፈለውን ብር እንጂ የልጁን እንግድነት አላየችም።

ልጁ ትምህርቱን ብቻ ይያዝ፣ ሌላው በኋላ ይደርሳል የሚል ወላጅ ቢኖር፣ የ12ኛ ክፍልን መልቀቂያ ፈተና ውጤት ይመልከት፤ ከተፈተኑት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. ከመቶ 3.3፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ያህል ብቻ ነበሩ። እንግዲህ በእነዚያ ዓመታት ከመቶው ተማሪ ከ94 የሚበልጠው ከፈተናው በር ተመለሰ፤ ከተመለሰውም ብዙው የሚሄደው ወደ ደብረ ብርሃን ፋብሪካዎች፣ ወደ አዲስ አበባ የቀን ሥራ፣ ልጃገረዲቱም ወደ ዐረብ አገር የሰው ቤት ነው፤ በዚያም የሚጠብቀው ውል ማንበብ፣ ደመወዝ መቍጠር፣ ገንዘብ ማስቀመጥ፣ ልብሱን ማጠብ፣ ለክፉ ሰው እንቢ ማለት ነው። ያለፉትም ቢሆኑ ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ ይህ ሁሉ አይቀርላቸውም።

በተለይ ስለ ወንዶች ልጆቻችን አንድ ነገር ልናገር፤ ወንድ ልጅ ምጣድ አይነካም የሚለው ልማድ በእጅጉ ያሳዝነኛል። ድርቆሹ ባለቀ በማግሥቱ ጦሙን የሚያድረው፣ ወይም ሊጡን ለእኅቱ ትቶ የጥናት ሰዓቷን የሚበላባት፣ በዚህ ልማድ ያደገው ወንድ ልጅ ነው። ወላጆች ሆይ፣ ለቅዱስ ቍርባን የሚቀርበውን ኅብስት በቤተ ልሔም አቡክተው የሚጋግሩት ዲያቆናት ወንዶች አይደሉምን? በመሠዊያው ዘንድ ክብር የሆነው ተግባረ እድ በማዕድ ቤታችን ነውር ሊሆን አይገባም።

ስለዚህ እያንዳንዱን ወላጅ፣ በከተማም በቀበሌም ያላችሁትን፣ የምለምናችሁ ይህን ነው፤ የዘንድሮን ጳጉሜን አምስት ቀኖች ቤቱን ለልጃችሁ ስጡት። ሊጡን ያቡካ፣ እንጀራውን ይጋግር፣ ወጡን ይሥራ፤ ከእንቁጣጣሽ በፊት በሚውለው የመጨረሻ ገበያ የዓመት በዓሉን ዶሮና ሽንኩርት ተከራክሮ ይግዛ፤ የወጣውን ብር ሁሉ በደብተር ጽፎ ማታ ያስረዳችሁ። እንጀራው ቢያር ብሉለት፤ ዶሮውንም በውድ ቢገዛ አትቆጡት፤ ዛሬ በእናንተ ጥላ ሥር የሚከስረው ጥቂት ብር ነገ ለብቻው ከሚከስረው ይሻላልና። ልጃገረዲቱንም ስለ ወር አበባዋ ሳታፍሩ ንገሯት፤ የሚያስቸግራት ሰው ቢነሣ ለማን እንደምትናገር በስም ለይታችሁ አሳዩአት፤ በክልላችን የቤተሰብ ሕግም ከ18 ዓመት በፊት ጋብቻ እንደማይፈቀድ አስረዱአት።

ቤት የምታከራዩ እናቶችና አባቶች፣ ልጆቹ በገቡበት ምሽት የከሰሉን ነገር ነግራችሁ፣ ማታ ማታ ፍሙ ወደ ውጭ መውጣቱን ሳታዩ አትተኙ፤ አንዱ ልጅ ሁለት ቀን ከትምህርት ቤት ቢቀርም አንኳኩታችሁ ጠይቁ።

ልብስ ሰፊዎች፣ አናጢዎች፣ ሸማኔዎችና የብየዳ ቤት ባለቤቶች፣ በየቅዳሜው ለጥቂት ሰዓት አንዳንድ ልጅ ከአጠገባችሁ አስቀምጡ፤ ቍልፍ መትከል፣ ወንበር መጠገን፣ ለደንበኛ ዋጋ መንገር ይመልከት። ማየትና መማር ግን ጕልበቱን መበዝበዝ እንዳይሆን ተጠንቀቁ፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለውን መቅጠር ይከለክላል፤ ከ15 እስከ 18 ዓመት ላለውም በቀን ከ7 ሰዓት በላይ ሥራ አይፈቅድም።

የእድርና የሰንበቴ አለቆች፣ የክፍል ኀላፊ መምህራንን ጠይቃችሁ ተከራይ ተማሪዎችን በየሰፈሩ መዝግቡ፤ ለእያንዳንዱም ክፍል አንድ ጎረቤት፣ እንደ ቀድሞው የኔታ በሳምንት አንድ ቀን ገብቶ የሚጠይቅ ሰው መድቡ። በአዲስ አበባና በውጭ አገር የምትኖሩ የአንኮበር ልጆችም፣ ገንዘባችሁን ከመላክ ጋር ዕውቀታችሁን ይዛችሁ ለመስቀል ስትመጡ አንድ ከሰዓት በኋላ ለእነዚህ ልጆች ስጡ፤ የባንክ ሒሳብ አከፋፈትን፣ የሥራ ውል አነባበብን፣ በሰው አገር ያያችሁትንም ችግር ሳትደብቁ ንገሩአቸው።

ነሐሴ 16 ቀን ጾመ ፍልሰታ ሲፈታ፣ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ በዚያውም ሳምንት ከጁምዓ ሶላት በኋላ በመስጊዱ ደጅ፣ እኔና ጥቂት የእድራችን ሰዎች ደብተር ይዘን እንጠብቃችኋለን፤ የምታስመዘግቡት ሦስት ነገር ነው፤ ስማችሁን፣ ልታስተምሩት የምትችሉትን ሥራ፣ ስንት ልጅ እንደምትቀበሉም።